መሬቱ፣ ድምፁ፣ መንበሩ፦ ደርግና ሃይማኖት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ሰው ዓለም ገናንና ሰበታን ሳያልፍ አይሄድም። በአምቦ መንገድ የወጣ ቡራዩንና የገፈርሳን ግድብ ያገኛል፤ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያመራው ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በደርግ ዘመን ግን ዙሪያቸውን እርሻና የግጦሽ መሬት የከበባቸው፣ ሹፌር ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባቸው የመንገድ ዳር ከተሞች ነበሩ። ያ መንግሥት በሃይማኖት ላይ ምን እንዳደረገ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ መንገዶች መነሳት ይበጃል። በጎጃሙ መንገድ የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ የትውልድ አገር አለ፤ በአምቦው መንገድ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወጡበት ወለጋ አለ፤ በጅማው መንገድ ደግሞ ወታደር የገባበት የሬዲዮ ጣቢያ ማሰራጫ ቆሟል።

ነገሩ በቁጣ አልተጀመረም። ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም ኅብረተሰባዊነት ሲታወጅ ደርግ ስለ ሃይማኖቶች እኩልነት ነበር የሚናገረው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም፣ የአዲስ አበባን ጎዳናዎች ያጥለቀለቀው የሙስሊሞች ሰልፍ በዓላቱ እንዲከበሩለትና በአገሩ እኩል ዜጋ ሆኖ እንዲታይ ጠይቆ ነበር። ደርግ በመጀመሪያው ዓመቱ ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አል አድሐንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አድርጎ ደነገገ። ይህ ለዘመናት የተነፈገ መብት ነበር፤ ያ ሥርዓት በኋላ ያደረሰው ግፍ ይህን ሊያስክደን አይገባም። ጴንጤቆስጤዎችም ቢሆኑ የመጀመሪያውን ዱላ የቀመሱት ከደርግ አይደለም። የሙሉ ወንጌል አማኞች በንጉሡ ዘመን ምዝገባ ተከልክለው፣ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ፣ በ1964 ዓ.ም ክረምት ከአምልኮ ላይ ታፍሰው ታስረዋል። ስለዚህ አብዮቱ ሲፈነዳ ተስፋ ያደረጉ ምእመናን ጥቂት አልነበሩም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የባላባቱ መሬት ለገበሬው ሲሄድ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉልትና የሰሞን መሬትም አብሮ ሄደ። ለጭሰኛው ይህ የዘመናት ቀንበር መሰበር ነበር፤ ቀንበሩን ከጫኑት መካከል ቤተ ክርስቲያን እንደነበረችበትም መናገር ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ከኪራይ ይገባ የነበረውም ገቢ ቆመ። በሱሉልታ ሜዳም ሆነ በሰበታ ዙሪያ ያለው የገጠር ደብር ካህን የኖረው በሰሞን መሬቱ ነበር። ቀድሶ፣ አጥምቆ፣ ቀብሮ የሚያድረው ደመወዝ ስላለው አይደለም፤ የሚያሳርሰው መሬት ስላለው ነው። መሬቱ ሲነሳ ቅዳሴውን ማን ያቆየዋል የሚለው ጥያቄ በየደብሩ ደጅ ላይ ቆመ።

መልሱ ከሁለት ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። በ1965 ዓ.ም፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ ቃለ ዐዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ወጥቷል። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ደብር ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ጉባኤ ያቋቁማል፤ ምእመኑ ይመዘገባል፣ በየጊዜው የአባልነት መዋጮውን ይከፍላል፣ ደብሩም በዚያ ይተዳደራል። ደንቡ ሲወጣ መሬቱ ገና ስለነበረ ብዙ አድባራት ችላ ብለውት ነበር። ከ1967 ዓ.ም በኋላ ግን ሌላ መተዳደሪያ አልቀረም። ትንሿ የመዋጮ ካርኒ የቤተ ክርስቲያን የጀርባ አጥንት ሆነች። ገበሬው እህል ሸጦ፣ ነጋዴዋ ከጠላው ቀንሳ፣ ወዛደሩ ከደመወዙ ቆርጦ ከፈለ። ካርኒው በሳጥን ውስጥ ከክርስትና ወረቀት ጋር ይቀመጣል፤ ሰው ሲሞት ለመቃብር ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ዛሬም በእነዚህ ከተሞች ያለ ደብር ሁሉ የሚኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። በእጅ ሥራና ልጆችን በማሳደግ የሚታወቀው የሰበታው የጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳም ደግሞ መነኮሳይያት በጉልበታቸው አድረው እንዴት እንደሚጸኑ ከሚያሳዩት አንዱ ነው።

ደንቡን ያወጡት ሰው ግን ፍሬውን አላዩም።

አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም፣ ሱሉልታን አልፈው ዓባይን ከተሻገሩ በኋላ በሚገኘው በጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። የሐረርጌ ጳጳስ ሆነው ለረጅም ዘመን ካገለገሉ በኋላ ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በዓለ ሲመታቸው ተከናወነ፤ በኢትዮጵያ ምድር የተሾሙ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ናቸው። ከደርግ ጋር ያጋጫቸው ዋናው ጉዳይ ሹመት ነበር። በ1967 ዓ.ም ሦስት ኤጲስ ቆጶሳትን፣ ማለትም አቡነ ባስልዮስን፣ አቡነ ጴጥሮስንና አቡነ ጳውሎስን፣ የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሾሙ። ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን ለመሾም የወታደር ፊርማ አያስፈልጋትም ማለታቸው ነበር። የካቲት 1968 ዓ.ም ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ አዲሶቹ ኤጲስ ቆጶሳትም ለዓመታት ታሰሩ።

ቀጥሎ የተደረገው ነገር የደርግን ዘዴ ከሁሉም በላይ ይገልጠዋል። መንበሩን ባዶ አልተወም፣ አላፈረሰምም። በዚያው ዓመት ክረምት አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል የተባሉ፣ በወላይታ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ባሕታዊ ተመርጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ቤተ መንግሥት የማያውቁ፣ ወገን የሌላቸው፣ ከገጠር የመጡ መነኩሴ ለመንግሥት የሚያስቸግሩ አልመሰሉም። የእስክንድርያዋ ቤተ ክርስቲያን በሕይወት ያለ ፓትርያርክ ያለ ሲኖዶስ ፍርድ ወርዶ ሌላ ሊሾም አይችልም ብላ ሹመቱን አልተቀበለችም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ሹመኛ ሆነው አልኖሩም፤ ጾማቸውን አጽንተው፣ አልጋ ትተው፣ ድሀ አደጎችን እየሰበሰቡ በ1980 ዓ.ም አረፉ። በእሳቸው ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። የተቀመጡበት ወንበር የተወሰደው በግፍ ነው፤ የኖሩት ኑሮ ግን በዚያ ዘመን ከታዩት እጅግ ንጹሕ ከሆኑት አንዱ ነበር።

ደርግ ለምን አብያተ ክርስቲያናትን በጅምላ አልዘጋም? ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይ ጥያቄው ይበረታል። በሞንጎሊያ የነበረው ቡድሂዝም የደረሰበትን እንመልከት። በዚያ አገር ላማ የሚባሉት መነኮሳት ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ገዳማቱም ከብትና ግጦሽ ይዘው ይኖሩ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጌንደን ላማዎቹን ጨርሶ እንዲያጠፋ ስታሊን ያደረገበትን ግፊት በመቋቋሙ ሥልጣኑን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ሞስኮ ላይ ተረሸነ። በአገሩ መሪ በቾይባልሳን ዘመን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት፣ ከ700 በላይ ገዳማት ፈረሱ፤ ወደ 17,000 የሚጠጉ ላማዎች ተገደሉ። በኡላንባታር የሚገኘው የጋንደን ገዳም እ.ኤ.አ. በ1944 በጥቂት መነኮሳት እንደገና እስኪከፈት ድረስ በአገሩ አምልኮ በይፋ ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ የመሬት አዋጅ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ፕኖም ፔን የገባው የካምቦዲያው ክመር ሩዥ ደግሞ መነኮሳቱን ቢጫ ልብሳቸውን አስወልቆ ለእርሻና ለቦይ ቁፋሮ አሰማራቸው፤ የቡድሃ ቤተ መቅደሶችንም መጋዘንና እስር ቤት አደረጋቸው።

ደርግ የእነዚሁ ሰዎች መጽሐፍ ያነበበ መንግሥት ነበር። ሆኖም የሚያዘምተው ወታደር ማተብ ያሰረ የገበሬ ልጅ ነው፤ የራሱ ካድሬም ልጁን ከሰው ዓይን ሰውሮ ክርስትና ያስነሳል። መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ ብሎ ስሙን ለወጠ እንጂ ጥምቀትን ሊያስቀር አልደፈረም። ስለዚህ ትልቋን ቤተ ክርስቲያን ከራሷ ይዞ፣ ትንንሾቹን ከደጃቸው ዘጋ። የበደሉን ጠባይ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ደወል ሲደወል የሰማ ሰው ሁሉ ያኔ ስደት አልነበረም ሊል ይችላልና።

ትንንሾቹ ላይ የወረደው በትር በጅማው መንገድ በኩል ቀድሞ ታየ። ከሰበታ ደቡብ ባለው ሜዳ ጌጃ በሚባለው ቦታ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ማሰራጫ ቆሞ ነበር። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ የካቲት 1955 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር። ከፕሮግራሙ ከመቶ ሰባው እጅ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ትምህርት እንዲሁም ዜና ነበር፤ ስብከቱ ሠላሳ እጅ ብቻ ነበር። ይህም ብዙ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ሰው ጣቢያውን ከፍቶ እንዲሰማ አድርጎታል። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም ወታደሮች ጣቢያውን ያዙት፤ ያው ማሰራጫም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆኖ መናገር ጀመረ። ደርግ ማማውን አላፈረሰውም፣ ሽቦውን አልቆረጠውም። የሚናገረውን ለወጠ። በመንበሩ ላይ ያደረገውን በማሰራጫውም ላይ ደገመው።

የአምቦው መንገድ ታሪክ ደግሞ ወደ ወለጋ ይመራል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ተወለዱ። በሕክምና ሥራ ጀምረው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ገቡ፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያናቸው ለምዕራባውያን ለጋሾች የላከችው ደብዳቤ ነፍስና ሥጋን ለይቶ የሚረዳ እርዳታ የሰውን ልጅ ለሁለት ይከፍለዋል የሚል ክርክር የያዘ ነበር። ይህ አቋም ሁለንተናዊ አገልግሎት በሚል ስም እስከ ዛሬ በዓለም የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ስለ ድሀው ፍትሕ የሚናገር ሰው የአብዮቱ ወዳጅ ይሆናል ተብሎ ተጠብቆ ይሆናል። ቄስ ጉዲና ግን ለድሀው የቆሙትን ያህል ለቤተ ክርስቲያናቸው ነጻነት ቆሙ፤ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት በአንድነት የሚመክሩበትን ጉባኤም መሩ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ በኦሮሞ ትግል ውስጥ የነበሩ መሆናቸው ደግሞ የመንግሥትን ጥርጣሬ አበረታው።

ደጋግመው ታሰሩ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ጉዳያቸውን ይዘው ተማጽነውላቸዋል፤ ከአገር እንዲወጡም መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ኡራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ሲወጡ የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች እሳቸውንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ ፀሐይ ተለቀቁ፤ ባላቸውን ግን ዳግመኛ አላዩም። በሚቀጥለው ዓመት እሳቸውም ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ወደ 10 ዓመት በሚጠጋ እስር ቆዩ። በቡራዩ አልፎ ወደ ወለጋ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤቶች በየአውራጃው እየተዘጉ መጋዘን፣ የቀበሌ መሰብሰቢያና የካድሬ ቢሮ ሆኑ።

ሌላዋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ መሠረተ ክርስቶስ፣ በጥር 1974 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ቆዩ። ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ በሲዳሞ ሰባት ዓመት ታሰረ፤ መዝሙሮቹ ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዱ አገር ለአገር ዞሩ። ለመታሰር ብዙ ምክንያት አያስፈልግም ነበር። የቀበሌ ስብሰባና የውይይት ክበብ እሑድ ጠዋት ይጠራል፤ ቀሪው ይመዘገባል። በስብሰባው ላይ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር የማያሰማ ጴንጤ ተብሎ ይለያል። ስሙ ስድብም ክስም ነበር።

ጸሎት ቤት ሲዘጋ ምእመኑ ወደ ቤት ገባ። አምስት ስድስት ሰው በአንድ ቤት ይገናኛል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ጥቂት ቆይቶ ይከተላል፤ መልካቸው ማኅበር እንዳይመስል መጽሐፍ ቅዱሱ በዘንቢል፣ በሽንኩርት ሥር ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፤ የጎረቤት ሰው ቢገባ የሚያየው የቡና ጨዋታ ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመራል። የሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ይቀየራል። ሴቶቹ የዚህ ሥራ ምሰሶዎች ነበሩ፤ ቡና መጠራራት ማንም የማይጠረጥረው የእነሱ ወግ ነውና። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም በሯ ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። ከዓለም ሁሉ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ታሪክ ለመማር የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ድምፁ ያልተሰማለት ወገንም አለ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የቱለማ ኦሮሞ ምድር ናቸው፤ በወንዝ ዳርና በኦዳ ሥር የሚደረገው የዋቄፈና ሥርዓት ከከተሞቹም ከአብያተ ክርስቲያናቱም ቀድሞ የነበረ ነው። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩት ወጣቶች አብዛኞቹ ይህን ሃይማኖት ሃይማኖት ብለው አላዩትም፤ አጉል እምነትና ኋላ ቀር ልማድ አሉት። የሥርዓቱ መሪዎች የሆኑት ቃሉዎች በድሀ በዝባዥነት ተከሰሱ። ጳጳስ ሲታሰር የሚጮህ ሲኖዶስ፣ ቄስ ሲታሰር የሚጮህ የውጭ ፌዴሬሽን ነበር፤ ለቃሉው የሚጮህለት አልነበረም።

በ1979 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን ደነገገ። ነገር ግን የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም በሚጻረር መንገድ እንዳይሠራበት የሚል ገደብ ከሥሩ ጻፈ። የአብዮቱ ጥቅም ምን እንደሆነ የሚወስነው ያው መንግሥት ነበር።

የሁለቱ መንገዶች ሰዎች መጨረሻ የታወቀው በ1984 ዓ.ም ነው። አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲናም የተገደሉት በ1971 ዓ.ም ክረምት ነበር፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ፣ አንዱ የሉተራን ቄስ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በራስ አስራተ ካሣ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። የፓትርያርኩ አጽም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ። በፓትርያርኩ እጅ ተሹመው ከታሰሩት ሦስት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጳውሎስ በዚያው ዓመት አምስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ፓትርያርኩን መግደል በደርግ ባለሥልጣናት የክስ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጓዶቻቸውም ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ።

የታላላቆቹ ታሪክ እንዲህ ተመዝግቧል። ያልተመዘገበው የትንንሾቹ ነው፦ የሰሞን መሬቱ ተወስዶበት ሳይከፈለው የቀደሰው የሱሉልታ ገጠር ቄስ፣ ቤቷን ለጸሎት የከፈተችው የቡራዩ እናት፣ ሥርዓቱን በሌሊት የፈጸመው የሰበታ ገበሬ። አብዮቱ ሲፈነዳ ሃያ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። የሰበካ ጉባኤ መዝገቦችና የተቀዱ ካሴቶች በየቤቱና በየደብሩ ዕቃ ቤት አቧራ ለብሰዋል፤ ከተሞቹ ደግሞ በየቀኑ እየፈረሱ እየተገነቡ ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ካርኒ፣ ካሴት ወይም ደብዳቤ ያላችሁ አትጣሉት። ያን ዘመን ያዩ አባትና እናት ያላችሁም ዛሬ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት።